ዶማና መጽሐፍ፤ የጅማው የእርሻ ኮሌጅ ታሪክና የተማሪዎቹ ኑሮ

ልጅን አሳድጎ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር መስደድ ለወላጅ ደስታም ጭንቀትም ነው። ደስታው ልጁ ለማዕርግ ሊበቃ ነው ከማለት ይመጣል፤ ጭንቀቱም ልጁ ከእናቱ ማዕድ ርቆ፣ ከአባቱ ምክር ተለይቶ፣ በማያውቀው አገር የሚያድር በመሆኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምናውቃቸው አንዲት እናት እንዲህ ባለ ሐሳብ ተይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጃቸው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛውን ዓመት የጋራ ትምህርት ጨርሶ ወደ እርሻ ክፍል መመደቡን ሰምተው ነበር። ያስጨነቃቸው ግን የመንገዱ ርቀት አልነበረም። «ይህን ያህል ዓመት ያስተማርሁት ልጅ ተመልሶ አፈር ሊገፋ ነውን? እርሻማ አባቴም ያውቅ ነበር!» አሉን።

ይህ የአንዲት እናት ንግግር ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት የሚነገር፣ ባይነገርም በልብ የሚታሰብ ነገር ነው። ሰው ተማረ ሲባል እጁ ከአፈር የራቀ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚፈርም ሰው ይመስለናል። አባታችን አዳም ገና በገነት ሳለ ምድሪቱን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ እንደ ተሰጠችው ለልጆቻችን እናስተምራለን፤ ዳሩ ግን ያው ልጅ አድጎ ምድርን ማበጀት እማራለሁ ቢለን እናዝናለን። ለእኒያ እናት በዚያች ሰዓት የሚበቃ መልስ አልነበረንም። ስለዚህ የዚህን ትምህርት ቤት ታሪክ ስንመረምር፣ ጅማንም ሄደን ስናይ ቆየን፤ ያገኘነውንም ለክቡራን አንባብያን እናቀርባለን።

ስለ ጅማና ስለ ሄርማታ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ በአቤልቲ በኩል እንደ ገና ወደ ደጋው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምድሩ ይለወጣል፤ አፈሩ ቀይ፣ ሣሩ ለምለም፣ ሰማዩም ዝናም የማይነፍግ ይሆናል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። ከዋንዛውና ከብሳናው ጥላ ሥር የቡና ዛፍ ይታያል፤ በየጎጆውም ጓሮ እንሰት ቆሞአል።

የዛሬው ከተማ ያለበት ስፍራ ቀድሞ ሄርማታ ይባል ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሄርማታ መርካቶና በሄርማታ መንቲና ቀበሌዎች ላይ ቀርቶአል። ሄርማታ ገበያው ነበረ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ከበላዩ በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበረ። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረውን የጅማን መንግሥት ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1920ዎቹ ዓመታት ድረስ ያስተዳደሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ለዳግማዊ ምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ ብልህ ሰው ነበሩ። ነጋዴ በግዛታቸው በሰላም ይኖር ስለ ነበረ የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ስሙ ርቆ የተሰማ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓመታት አገሩን ያጠናው ኸርበርት ሉዊስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ በበጋ ወራት በደኅና የገበያ ቀን እስከ 30,000 የሚደርስ ሰው በዚያ ይሰበሰብ እንደ ነበረ ጽፎአል።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ የተተከለው በባዶ ምድረ በዳ አልነበረም። ገበሬው ቡና መትከልን፣ ነጋዴውም መሸጥን አስቀድመው በሚያውቁበት አገር ነበረ። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ትምህርት ቤቱ እንዴት ተመሠረተ?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገራችን እንደ ገና ስትቋቋም ከሁሉ ይልቅ የቸገራት የተማረ ሰው ነበረ። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት ለሰፊ አገር አይበቃም። በ1941 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በንግግራቸው አራተኛ ነጥብ አድርገው፣ አገራቸው ዕውቀቷን ለሌሎች ሕዝቦች እንድታካፍል ሐሳብ አቀረቡ። «ፖይንት ፎር» የተባለው የእርዳታ ድርጅት ስሙን ያገኘው ከዚህ አራተኛ ነጥብ ነው።

ይህን ሥራ እንዲመሩ የተመረጡት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1942 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አግኝተው፣ ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋግረው ነበር። እኒህ ሰው ግን የሐሳባቸውን ፍሬ ሳያዩ ቀሩ። በታኅሣሥ ወር 1944 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ይጓዙበት የነበረው አውሮፕላን በቴህራን አጠገብ በበረዶ ማዕበል ውስጥ ወድቆ ሁለቱም ሞቱ። ሐሳቡ ግን አብሮ አልሞተም፤ በዚያው ዓመት ኮሌጃቸው ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋለ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያም የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

የኦክላሆማው ኮሌጅ ራሱ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ማወቅ የጅማውን ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል። በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1862 የወጣ ሕግ፣ ለየክፍለ አገሩ መሬት እየተሰጠ በመሬቱ ዋጋ የእርሻና የእጅ ሥራ ኮሌጅ እንዲቋቋም አዘዘ። እነዚህ ኮሌጆች ሦስት ሥራ ነበራቸው፤ ይኸውም ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት ወደ ገበሬው ደጅ ማድረስ ነው። የገበሬ ልጅ ተምሮ ከገበሬ እንዳይለይ የታሰበ ሥርዐት ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት መምህራን ይዘውት የመጡት ሐሳብ ይህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ ወር 1946 ዓ.ም. አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ፣ ስቲልዎተር ወደ ተባለችው ወደዚያች ትንሽ የኮሌጅ ከተማ ድረስ ሄደው ምስጋናቸውን አቅርበዋል።

የፊተኞቹ ተማሪዎች

የጅማው ትምህርት ቤት በሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ነበረ። የትምህርቱም መሠረት በመሥራት መማር ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ አፈር የተጻፈውን ተማሪው ወርዶ በዶማ ይገለብጠዋል፤ ስለ ዘር የሰማውን በመደብ ላይ ዘርቶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ችግኝ ሆኖ ሲወጣ ያየዋል። ከብት መመገብ፣ ዶሮ ማርባት፣ መሣሪያ መጠገን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ትምህርት ይቈጠር ነበር።

ይህ ነገር ዛሬ ለእኛ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ቀላል አልነበረም። በ1940ዎቹ ዓመታት አንድ ልጅ ጥቂት ፊደልና ጥቂት እንግሊዝኛ ካወቀ ጸሓፊ ወይም አስተርጓሚ ሆኖ በመሥሪያ ቤት ይቀመጥ ነበር፤ ዘመዱም የሚመኝለት ይህን ነው። እንዲህ ባለ ዘመን መጽሐፍ የያዘ ልጅ ዶማ እንዲያነሣ መጠየቅ የኩራትን ሥር መንቀል ነበር። ነጩ መምህር እጅጌውን ሰብስቦ በረት ሲጠርግ ያየ ተማሪ፣ ሥራ ሰውን እንደማያዋርድ ከቃል ይልቅ በዓይኑ ተማረ።

ከዚህም ሌላ ጅማ ለታላቅ ወንድሙ ማደጎ ሆኖአል። በሐረር አጠገብ በዓለማያ እንዲሠራ የታሰበው የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ ሕንጻው እስኪያልቅ ድረስ፣ የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት በጅማ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወሩ። የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሉተር ብራነን ነበሩ። ያ ኮሌጅ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ከሐረማያ የተመረቀ ሰው ሁሉ የትምህርት ቤቱን ሐረግ ቢቈጥር ወደ ጅማ ይደርሳል።

ምክርን ለገበሬ የማድረሱ ሥራም እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ የሚመራው በዓለማያ ኮሌጅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በየወረዳው ተሰማርተው ከገበሬው ጋር የሠሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ከጅማና ከአምቦ የወጡ ነበሩ። አስፋልት በሌለበት አገር በእግርና በበቅሎ እየሄዱ፣ በባላገር ቤት እያደሩ፣ ስለ መስመር አዘራርና ስለ ተሻለ ዘር ሲያስረዱ ኖሩ። ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት አልተጻፈም። ከአንባብያን መካከል አባቱ ወይም አያቱ ከእነርሱ አንዱ የሆነ ሰው ቢኖር፣ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ታሪካቸውን በጽሕፈት ያኖር ዘንድ እንለምነዋለን። በሣጥን ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ ከጀርባው ስምና ዓመት ካልተጻፈበት፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

ቡናው በታመመ ጊዜ

እኒያ እናት «እርሻማ አባቴም ያውቅ ነበር» ማለታቸውን አንባቢው ያስታውሳል። እውነታቸውን ነው፤ የጅማና የአካባቢው ገበሬ ከማንም ሳይማር ቡናን ያውቃል። በጎማ ወረዳ ጮጬ የተባለው ስፍራ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእኛ አገር ነው ብለው ከአባት ወደ ልጅ ያወርሳሉ። በደቡብ ምዕራቡ ደን ውስጥ ያለ ተካይ የበቀለው ቡና ዘሩ እጅግ ብዙ ዓይነት መሆኑንም የዓለም ሊቃውንት መስክረዋል። ነገር ግን አባት የሚያውቀው አባት ያየውን ነው፤ አባት ያላየው መከራ በመጣ ጊዜስ?

እንዲህ ያለ መከራ በ1963 ዓ.ም. መጣ። በኬንያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ይህ በሽታ ከሻጋታ ወገን በሆነ ረቂቅ ነገር የሚመጣ ነው። ቡናው ገና አረንጓዴ እሸት ሳለ ይይዘዋል፤ በፍሬው ላይ ጥቁር ጎድጓዳ ነጥብ ያወጣል፤ ከዚያም ፍሬው ይጠቁርና ደርቆ ይረግፋል። ዝናምና ቅዝቃዜ ያበረታዋል። አበባውን አይቶ ለልጆቹ ልብስ፣ ለዕዳው መክፈያ ያሰበ ገበሬ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዛፉ ሥር የጠቆረ ፍሬ ያገኛል። መድኃኒት መርጨት ለሀብታም እርሻ ካልሆነ በቀር ዋጋው የማይቻል ነበር።

ከጅማ ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልኮ፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበረ። የምርምር ሰዎች የሠሩት ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን እጅግ አድካሚ ነበረ። በሽታው በበረታበት አገር በየደኑና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ታመው ሳለ እርሱ ብቻ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። ዛፉ የት እንዳለ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው የአገሩ ገበሬ ነው። ከዚያም ከዛፉ ዘር ወስደው ችግኝ አፈሉ፤ ችግኞቹንም ሆን ብለው በበሽታው ፈተኑአቸው። ፈተናውን ያለፈው ተባዝቶ በ1971 ዓ.ም. ለገበሬ መሰጠት ጀመረ።

ዛሬ በጅማና በኢሉባቦር ገበሬው «74110» ወይም «74112» እያለ የሚጠራቸው ቡናዎች ከዚህ የተገኙ ናቸው። ቍጥሩ የምሥጢር ቍጥር አይደለም፤ የፊተኛው 74 ዛፉ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 የተመረጠ መሆኑን፣ የቀረው ደግሞ የዛፉን ተራ ያመለክታል። ሁለቱም የተገኙት በመቱ አካባቢ ቢሻሪ ከተባለ ስፍራ ነው። እንግዲህ የገበሬው ዓይንና የተማረው ሰው መዝገብ ተባብረው የብዙ ቤት እንጀራ አተረፉ። ገበሬው ብቻውን ዛፉ ጤነኛ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ዘሩም ጤናውን የሚያወርስ መሆኑን መርምሮ ለሌላው አገር ለማድረስ ግን ትምህርት ያስፈልግ ነበር።

ኮሌጁ በየዘመኑ

የትምህርት ቤቱም ዕድል ከአገሩ ዕድል ጋር ወጣ፣ ወረደ። ከኦክላሆማ ጋር የነበረው ውል በ1960 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ሥራውም በኢትዮጵያውያን እጅ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከ50,000 የሚበልጡ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከዓመታትም በኋላ የጅማው ትምህርት ቤት ደረጃው ከፍ ብሎ በዲፕሎማ የሚያስመርቅ ኮሌጅ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያው ከተማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ነበርና፣ በታኅሣሥ ወር 1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የቀድሞው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከሌሎች የሚለይበት አንድ ልማድ አለው። ትምህርቱ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ታስቦ፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ሕዝቡ መካከል ይላካሉ። በየቤቱ እየገቡ ይጠይቃሉ፤ ችግሩን ጽፈው ይለያሉ፤ ከነዋሪው ጋርም መፍትሔ ይፈልጋሉ። ከተለያየ ሙያ የመጡ ተማሪዎች አብረው የሚሠሩበት ጊዜም አለ። አንድ የከተማ ልጅ የገበሬ ጎጆ ደፍ ተሻግሮ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ቡና እየጠጣ የሰውን ኑሮ ሲያዳምጥ፣ መጽሐፍ የማያስተምረውን ትሕትና ይማራል።

የተማሪዎቹ ኑሮ

በግቢው ያየነው ኑሮ የወላጅን ልብ የሚያረጋጋም የሚያሳስብም ነው። በአንድ መኝታ ክፍል ከጎጃም የመጣው፣ ከወለጋ የመጣው፣ ከሲዳማና ከትግራይ የመጣው አብረው ያድራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ከእናቱ የተሰጠውን በሶና ዳቦ ቆሎ በሣጥኑ ይቈልፋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሣጥኑ ለሁሉ ይከፈታል። የአንዱ ስንቅ ሲያልቅ የሌላው ይተካል። ቅዳሜ ልብስ ይታጠባል፤ ዝናሙም ብዙ ስለ ሆነ ልብስ ማድረቅ ራሱ ከጓደኛ ጋር የሚመክሩበት ጉዳይ ነው። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን በጥናት የሚያነጋ አለ፤ ናፍቆት በርትቶበት በሌሊት በስውር የሚያለቅስም አለ።

ጅማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት። ልጃችን በዚያ ከሙስሊም ጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ያድራል፤ አንዱ በዐቢይ ጾም፣ ሌላው በረመዳን ሲጾም እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። በቤቱ ጾምንና ጸሎትን የለመደ ልጅ በሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ በግቢ ጉባኤም ወደ ወንድሞቹና ወደ እኅቶቹ ይሄዳል። በቤቱ ያልለመደ ግን በሩቅ አገር ድንገት አይጀምረውም። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ለጉዞ ሲያዘጋጅ ስለ ሻንጣው ብቻ አያስብ።

ያስጨነቁን ነገሮችም አልጠፉም። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታቸውን ጨርሰው ብሔራዊውን ፈተና ከወሰዱት ከመቶ አራቱ እንኳ የማለፊያ ውጤት አላገኙም። ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት ዛሬ ውድ ነገር ሆኖአል። ገብቶ የተመረቀውም እንደ ቀድሞው ዘመን መንግሥት ተቀብሎ ሥራ አያስይዘውም። በገጠሩም የገበሬው መሬት ለልጆች ሲካፈል እያነሰ ሄዶአል፤ በአንዳንድ ስፍራ የቡና ዛፍ እየተነቀለ ጫት ይተከላል፤ ጫት ገንዘቡን ቶሎ ስለሚያመጣ ገበሬውን መውቀስ ብቻ አይበቃም። የእርሻ ተማሪ ይህን ሁሉ አውቆ ነው የሚማረው። ይህን ትምህርት የመረጠ ልጅ ቀላሉን መንገድ መረጠ አንልም፤ የሚያስፈልገውን መንገድ መረጠ ግን እንላለን።

ስለ እኒያ እናት

ልጃቸው ትምህርቱን ቀጠለ። በክረምት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ የሆነውን እናቱ ራሳቸው አጫወቱን። በግቢያቸው አጥር ሥር የተከሉት ጌሾ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠሉ እየቢጫ አላድግ ብሎአቸው ነበር። ልጁ በመጣ በሦስተኛው ቀን ዶማ አንሥቶ በሥሩ ዙሪያ ቈፈረ። ከቤት ሥራ የተረፈ ሲሚንቶና ድንጋይ ከሥሩ ተደፍኖ ውሃውን እንዳያሳልፍ አድርጎት አገኘ። ፍርስራሹን አወጣ፤ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቀደደ፤ አፈርና ፍግ ሞላበት። እናቱም በዝናም ቆሞ ሲቈፍር አይተው፣ እንዳይበርደው ጋቢ ይዘውለት ወጡ።

«አባቴም ያውቅ ነበር ብዬአችሁ አልነበረም?» አሉን፤ ጥቂት ዝም ብለውም፣ «ብቻ አባቴ እንዲህ አድርጊ ይለኝ ነበር እንጂ ለምን እንደ ሆነ አልነገረኝም። ይህ ነገረኝ» አሉ።

ጌሾው ለምልሞአል ብለው ሲነግሩን ግን ስለ ጌሾው ብቻ የሚናገሩ አልመሰለንም። ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ እርሻ እማራለሁ ቢላችሁ አስቀድማችሁ አትዘኑ። መንገዱን ባርኩለት፤ ስንቁን ስነቁለት፤ ሲመለስም ምን ያህል ማርክ አመጣህ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት። ወደ ጓሮ ውሰዱትና የተማረውን ያሳያችሁ።